የአሮጌ ሸክላ ማጫወቻዎች አሰባሰብና አጠጋገን፤ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ አንጻር የቀረበ ሒስ

በአማርኛ «ሸክላ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። ምጣዱም ሸክላ ነው፤ ጀበናውም ሸክላ ነው፤ ዘፈን ተቀርጾበት ከባሕር ማዶ የመጣው ጥቁር ዝርግ ክብም ሸክላ ተብሏል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች የዕቃውን ጠባይ አሳምረው ያወቁ ይመስለናል፤ የጥንቱ የዘፈን ሸክላ እንደ ምጣድ ከእጅ ያመለጠ እንደ ሆነ ተመልሶ አይገጥምምና።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ሸክላ የሚያጫውተውን መሣሪያ ነው። ካለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ወዲህ አሮጌ የኢትዮጵያ ሸክላዎችንና የሚጫወቱባቸውን መሣሪያዎች መሰብሰብ፣ ማደስና መሸጥ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም እየተስፋፋ ሄዷል። ስለ ሥራው ብዙ ምስጋና ተጽፏል፤ ሒስ ግን ጥቂት ነው። እኛም በዚህ መጽሔት ላይ ልናቀርብ የወደድነው ሒስ በአጭሩ ይህ ነው። የሸክላ ማጫወቻ ለዐይን እንዲያምር ወይም በገበያ እንዲወደድ ብቻ ተፈልጎ ከታደሰ ዕቃው ይተርፋል፤ ታሪኩ ግን ይጠፋል። ዕቃው ለተመራማሪ ማስረጃ የሚሆነው በማን ቤት እንደ ነበረ፣ በምን ኃይል እንደ ሠራ፣ ማን እንደ ጠገነውና ምን እንዳጫወተ ሲታወቅ ነው። ይህም ዕውቀት የሚገኘው ዕቃው ባገለገለበት አገር ነው። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆን የመረጥነው ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬንና በዙሪያቸው ያለውን የምዕራብ ጎጃም ገጠር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ሀ. መሣሪያው ወደ አገራችን ስለ መግባቱ

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር፣ የተቀረጸ ድምፅ ለኢትዮጵያ እንግዳ ሆኖ የቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ድምፅዋን በሰም ቱቦ ላይ አስቀርጻ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክት ልካለች። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በበኩላቸው መልሳቸውን በድምፅ ቀርጸው ልከዋል። የንግሥቲቱ ቱቦ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ስለ ታዘዘ ጠፍቷል፤ የኛዎቹ መልስ ግን እንግሊዝ አገር ደርሶ በመጠበቁ እስከ ዘመናችን ሊሰማ ችሏል። ከሁለቱ አንደኛው ጠፍቶ ሁለተኛው የተረፈው በአጋጣሚ አይደለም፤ አንዱን የሚያስቀምጠው ሰው ስለ ተገኘ ነው። ይህን ነገር ወደ ፊት እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ ተሰማ እሸቴ ከ1908 እስከ 1910 ድረስ ጀርመን አገር በቆየበት ጊዜ ዘፈኖቹን በሸክላ አስቀርጿል። በአገር ውስጥ ደግሞ በ1935 የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለብቻው ተሰጥቶት ነበር። ይህን የብቻ መብት በድፍረት የጣሰው ወጣቱ ነጋዴ አምኃ እሸቴ ነው። አምኃ በ1969 «አምኃ ሬከርድስ» የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ፣ በአገር ውስጥ የሸክላ ፋብሪካ ስላልነበረ ሥራዎቹን በውጭ አገር እያሳተመ ያስገባ ጀመር። ካይፋ የተባለው የዓሊ አብደላ ድርጅትም ተከተለው፤ ፊሊፕስም በአዲስ አበባ ቅርንጫፉ አማካይነት ብዙ ዘፈኖች አወጣ። በዚህ መስክ ብዙ የደከመው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደሚገምተው፣ ከ1969 እስከ 1978 ባለው ጊዜ የወጡት ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች 500 ያህል፣ ትልልቆቹ ደግሞ 30 ያህል ናቸው። ከዚያ በኋላ ካሴት ገበያውን ጠቅልሎ ወሰደው።

እንግዲህ የአንድ አገር ሸክላ በቁጥር ይህን ያህል ትንሽ ሲሆን፣ የሚያጫውተውም መሣሪያ ከሌሎች አገሮች ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው ማለት ነው። ሌላ ቦታ አንድ ማጫወቻ ቢበላሽ መቶ ይተካዋል። በኛ አገር ግን እያንዳንዱ መሣሪያ ብዙ ሰው ያዳመጠበት የጋራ ጆሮ ነበረ።

ለ. ስለ ምን ምዕራብ ጎጃምን መረጥን?

ስለዚያ ዘመን ሙዚቃ የተጻፉት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩልን ስለ አዲስ አበባ ነው። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ የሆቴል ቤት ባንዶች፣ የፒያሳ የሙዚቃ ሱቆች በየገጹ ይነሣሉ። ይህ እውነት ነው፤ ዘፈኑ የተሠራው እዚያ ነውና። ነገር ግን ዘፈን የሚፈጸመው በአድማጩ ጆሮ ነው። አድማጩ ደግሞ በዋና ከተማው ብቻ አልነበረም።

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በደንበጫ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙ፣ ከዋና ከተማው 400 ኪሎ ሜትር ያህል የራቁ ከተሞች ናቸው። ቡሬ በተጨማሪ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው መንገድ የሚነሣባት የንግድ ከተማ ናት። አውራ ጎዳና ባለበት ሾፌር አለ፤ ሾፌር ባለበት ሻይ ቤትና ጠጅ ቤት አለ፤ ሻይ ቤትና ጠጅ ቤት ባለበት ደግሞ ደንበኛ የሚጠራ ዘፈን ያስፈልጋል። ከከተማው ጥቂት ወጣ ሲሉ ግን ለብዙ ዘመን የመብራት ኃይል አልነበረም። ስለዚህ በገጠሩ ሊያገለግል የሚችለው መሣሪያ ሁለት ዐይነት ብቻ ነው፤ አንደኛው በእጅ ማዞሪያ የሚሞላው ባለ ሞላ ግራሞፎን፣ ሁለተኛው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ተንቀሳቃሽ ማጫወቻ።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ባለ ሞላው ግራሞፎን ከአንድ የሸክላ ገጽ ወይም ከሁለት በኋላ መሞላት አለበት፤ የብረት መርፌውም በየገጹ መለወጥ አለበት። መርፌ ያለቀበት ሰው ያሮጌውን መርፌ ጫፍ በድንጋይ ስሎ ቢጠቀም ሸክላውን ይቆርጠዋል። የባትሪው ማጫወቻ በበኩሉ ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ ዙሩ ይቀንሳል፤ የዘፋኙም ድምፅ እየወረደና እየጎተተ ይሄዳል። ስድስት ትልልቅ ድንጋዮች በአንድነት 9 ቮልት ይሰጣሉ፤ በገጠር ኑሮ ስድስት ድንጋይ በአንድ ጊዜ መግዛት ቀላል ወጪ አልነበረም። ስለዚህ ዘፈን መስማት በጋራ የሚደረግ፣ የሚቆጠብና የሚመጠን ነገር ነበረ። በአዲስ አበባ የሙዚቃ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ በነጻ የሚሰማው ሰውና፣ በጃቢ ጠህናን ወይም በወምበርማ ገጠር ለሠርግ ዕለት ድንጋይ አጠራቅሞ የሚያስቀምጠው ሰው የሰሙት ዘፈን አንድ ቢሆንም አሰማማቸው አንድ አይደለም።

ደግሞም ጎጃም አድማጭ ብቻ አልነበረም። በ2024 በስደት አገር ያረፈው ሙሉቀን መለሰ ጎጃም ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ የገባ ነው፤ ድምፁም በካይፋ ሸክላዎች ታትሟል። ያ ድምፅ በሸክላ ሆኖ ወደ ተወለደበት አገር ሲመለስ፣ ከአዝማሪው ማሲንቆና ከእረኛው ዋሽንት ጎን እንዴት ተሰማ? ሽማግሌው ምን አለ? አዝማሪውስ ገበያው ተነካበት ወይስ አዲስ ዜማ ተማረበት? ይህን ጥያቄ በአዲስ አበባ ቤተ መዛግብት ተቀምጦ መመለስ አይቻልም። ሊመልሱት የሚችሉት ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል።

ሐ. የሒሳችን ፍሬ ነገር

አንደኛ፣ ማጫወቻውን ጌጥ ስለ ማድረግ። በዛሬው ገበያ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ባለ ቀንድ ግራሞፎን ነው። ቀንዱ የሚያብረቀርቅ ናስ ሆኖ በሆቴል መግቢያ ወይም በእንግዳ መቀበያ ክፍል ሲቀመጥ ያምራል። ነገር ግን በዓለም ገበያ ከሚሸጡት ከእነዚህ ባለ ቀንዶች ብዙዎቹ በቅርብ ዘመን የተገጣጠሙ ናቸው። ከአንድ ተራ ባለ ሻንጣ ግራሞፎን ሞተሩና ክንዱ ይወጣል፤ አዲስ ሣጥንና አዲስ ቀንድ ይሠራለታል፤ የታወቀ ፋብሪካ ምልክት ይለጠፍበታል። ገዥው ጥንታዊ ዕቃ ያገኘ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን አንድ ጥንታዊ ዕቃ በገንዘቡ አስፈርሷል። ኤች.ኤም.ቪ. 102 እንደ ተባለውና ከ1931 ጀምሮ እንደ ተሠራው ያለ ባለ ሻንጣ ግራሞፎን ለዐይን ብዙም አይማርክም፤ ጥቁር ሣጥን ነው። ሆኖም በበቅሎ ተጭኖ ገጠር ሊገባ የሚችለው እንዲህ ያለው ጥቁር ሣጥን ነው እንጂ ባለ ቀንዱ አይደለም። ጌጥ ፈላጊው ገበያ እንግዲህ የኛን ታሪክ የያዘውን ዕቃ ለመለዋወጫ እየፈታ፣ ታሪክ የሌለውን ያቆማል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ዋጋን ከውጭ ስለ መበደር። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ሰብሳቢዎች ከፍ አድርገው የሚያዩዋቸው መሣሪያዎች አሉ፤ በ1954 የወጣው የእንግሊዙ ጋራርድ 301ና በ1957 የወጣው የስዊሱ ቶረንስ ቲ.ዲ. 124 ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በሥራቸው ጥራት ክብር የሚገባቸው ናቸው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን የኛ ወጣት ሰብሳቢዎች ይህን ሚዛን እንዳለ ተቀብለው፣ ባለ ፕላስቲክ ክዳን የሆነውን ርካሽ የባትሪ ማጫወቻ «የማይረባ» ሲሉት ሒሳችን ይነሣል። አንድ መሣሪያ ለእንግሊዝ የድምፅ ታሪክ ያለው ዋጋ ሌላ፣ ለጎጃም የማዳመጥ ታሪክ ያለው ዋጋ ሌላ ነው። የክዳኑ ማጠፊያ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ፣ የድንጋዩ ማስቀመጫ በቆርቆሮ የተተካ፣ የድምፅ ማዞሪያው በእንጨት የተቀረጸ ማጫወቻ ብንመለከት፣ ያ ሽቦ፣ ያ ቆርቆሮና ያ እንጨት ስለ ባለቤቱና ስለ ጠጋኙ ብልሃት የሚናገሩ ጽሑፎች ናቸው። አዳሹ እነዚህን አውጥቶ ጥሎ ከውጭ ባስመጣው አዲስ ክፍል ሲተካቸው መጽሐፉን ፍቆ ብራናውን አስቀርቷል።

ሦስተኛ፣ ድምፁን ከመሣሪያው ስለ መለየት። እዚህ ላይ በስም የምናነሣው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፓሪስ ቡዳ ሙዚክ በተባለው አሳታሚ የወጣውንና ፋልሴቶ ያዘጋጀውን «ኤትዮፒክ» የተባለ ተከታታይ እትም ነው። ከ30 የማያንሱት የዚህ እትም ቅጾች ባይኖሩ ኖሮ፣ ብዙው ሥራ ከነዘፋኞቹ ስም ተረስቶ ይቀር ነበር፤ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» የመሰሉ ሥራዎችም ከአገር ውጭ ያን ያህል አድማጭ አያገኙም ነበር። ስለዚህ የምናቀርበው ሒስ ውለታ መካድ አይደለም። ነገር ግን ሁለት ነገር እንላለን። የመግለጫ ጽሑፎቹ የቀረቡት በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ሸክላውን በዘመኑ ገዝቶ ያዳመጠው የቡሬ ነጋዴ ስለ ራሱ ዘመን የተጻፈውን ሊያነብ አልቻለም። ደግሞም ሁለት ዘፈን ብቻ የያዘው ትንሽ ሸክላ ከሌሎች ጋር ተሰልፎ በአንድ ረጅም ቅጽ ሲቀርብ፣ አንዱን ገጽ ሰምቶ፣ ተነሥቶ፣ ገልብጦ፣ እንደገና የመስማት ሥርዐት ይጠፋል። ይህ የአሳታሚው ጥፋት አይደለም፤ ሥራው የድምፅ ሥራ ነውና። ጥፋቱ የኛ የአንባቢዎችና የተመራማሪዎች ነው፤ ድምፁ ስለ ተረፈ ሁሉም ነገር የተረፈ አድርገን ስለምናስብ።

መ. ስለ ጥገናው ሥራ

ሒስ ያለ ሥራ ዕውቀት ባዶ ስለሚሆን፣ መሣሪያው እንዴት እንደሚጠገንና የጥገናው መንገድ ለምርምር ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ጥቂት ዘርዘር አድርገን እናቀርባለን።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ሸክላውንና መርፌውን ማገናዘብ ነው። ጥንታዊው ባለ 78 ዙር ሸክላ ከአንድ ዐይነት ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫና ከተፈጨ የድንጋይ ዱቄት የተሠራ ነው፤ የድምፁ ቦይ ሰፊ ነው፤ የግራሞፎኑም ራስ ከ100 ግራም በላይ ሆኖ ይጫነዋል። ከ1948 ወዲህ የመጣው ባለ ጠባብ ቦይ ሸክላ ግን ከፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን፣ የሚችለው የጥቂት ግራሞችን ክብደት ብቻ ነው። ስለዚህ የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን ባለ 45 ሸክላ በባለ ሞላ ግራሞፎን ላይ ማስቀመጥ ቦዩን በማረሻ እንደ መግመስ ነው፤ በአንድ ጊዜ ማጫወት ያበላሸዋል። እንዲህ ያለ ትርኢት ለእንግዳ ደስታ ሲባል ሲደረግ ማየት ያሳዝናል።

ስለ ማጽዳትም እንዲሁ ነው። ሙጫው በአልኮል ስለሚሟሟ የ78ቱን ሸክላ በአልኮል መጥረግ ገጹን ያጠፋዋል። በአገራችን በየቤቱ የሚገኘው አልኮል ደግሞ አረቄ ነው፤ አረቄ ለቁስል ማጠቢያ ይሁን እንጂ ለጥንት ሸክላ ጠላት መሆኑን ለባለቤቶች መንገር ይገባል። ለብ ባለ ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ፣ የመሐሉን ወረቀት ሳያረጥቡ መጥረግ ይበቃል።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ የባለ ሞላው ግራሞፎን ዙር የሚጠበቀው ሲሽከረከሩ ወደ ውጭ በሚለጠጡ ሦስት ትንንሽ ክብደቶች ነው። የሞላው ግራሶ ከብዙ ዓመት በኋላ ይደርቅና እንደ ሰም ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሞላው ሲፈታ እየዘለለ ይንኳኳል። ለዚህ መድኀኒቱ ቀፎውን ከፍቶ ማጠብና አዲስ ግራሶ መቀባት ነው፤ ሆኖም የተጠመዘዘ ሞላ በድንገት ሲፈታ ጣት ሊቆርጥ ስለሚችል ያልተማረ ሰው ሊነካው አይገባም። በቤት ውስጥ የተገኘውን ዘይት ማንጠብጠብ ደግሞ ሌላ ጉዳት ያመጣል። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ የሚደርቅና የሚጣበቅ ዘይት ስለ ሆነ፣ ለጊዜው ሞተሩን ቢያለሰልስም በኋላ ያስረዋል። ጠጋኝ እንዲህ ያለ የደረቀ ዘይት ቢያገኝ ከማጠቡ በፊት መጻፍ አለበት፤ መሣሪያው የት እንደ ኖረ የሚያመለክት ነውና።

በኤሌክትሪክና በባትሪ የሚሠሩት መሣሪያዎች ደግሞ የራሳቸው በሽታ አላቸው። የሚያሽከረክረው ጎማ ይደርቅና ድምፁን ያንገዋልለዋል፤ ቺንጋው ይላላል ወይም ቀልጦ ይጣበቃል፤ ተረስቶ የቀረ የባትሪ ድንጋይ አፍስሶ መዳብ ይበላል። በርካሾቹ ማጫወቻዎች ራስ ውስጥ የሚገኘው ድምፅ ሰጪ ክሪስታል እርጥበትና ሙቀት ስለማይችል፣ ክረምቱ ከባድ በሆነበት በቡሬና በሰከላ ዙሪያ ባለው አገር ቶሎ መሞቱ የሚጠበቅ ነው። በቫልቭ የሚሠራውን ራዲዮግራም ለብዙ ዓመት ከቆመ በኋላ በቀጥታ መብራት ላይ መሰካት አደገኛ ነው፤ ኮንዴንሰሮቹ ስለሚደክሙ ሊቃጠል ይችላል፤ በውስጡም ሰው ሊገድል የሚችል ከፍተኛ ቮልት አለ። እነዚህን ክፍሎች መለወጥ ግዴታ ነው፤ መለወጡን አንነቅፍም። የምንጠይቀው የወጣው አሮጌ ክፍል በከረጢት ታስሮ ከመሣሪያው ጋር እንዲቀመጥ፣ የተደረገውም ሁሉ ከነቀኑ እንዲጻፍ ብቻ ነው።

ለሙዚቃ ተማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ዙሩ ነው። ባለ 78 ሸክላ ከሚገባው በ3 በመቶ ቢፈጥን ዜማው በጠቅላላው የግማሽ ድምፅ እኩሌታ ያህል ከፍ ይላል፤ የዘፋኙም ድምፅ ጠባይ ይለወጣል። ፍጥነቱ ወጥ ከሆነ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አይነካም፤ ስለዚህ ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺ ሆዬ መለየት ይቻላል። ነገር ግን ጎማው ወይም ሞላው ታምሞ ዙሩ በየቅጽበቱ የሚዋዥቅ ከሆነ፣ የድምፆቹ ርቀት ራሱ ይዛባል። የአንቺ ሆዬን የመሰሉ ከፒያኖ ቁልፍ ጋር የማይገጥሙ ድምፆችን በእንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ ለክቶ «ዘፋኙ እንዲህ አለ» ብሎ መጻፍ፣ የሞላውን ሕመም የዘፋኙ ጥበብ አድርጎ መቁጠር ነው። ለመፈተኛ የሚሆን ቀላል ዘዴ አለ። በአገራችን መብራት፣ ማለትም በ50 ሄርዝ፣ 77 ሰረዞች በእኩል ርቀት የተሣሉበት ክብ ወረቀት በሸክላው ላይ ተደርጎ በቀድሞው አምፖል ብርሃን ሲታይ፣ ሰረዞቹ የቆሙ ከመሰሉ ዙሩ 78 ነው፤ ለባለ 45 ሸክላ 133፣ ለባለ 33 ከሢሶው 180 ሰረዝ ያስፈልጋል። መብራት በሌለበት ገጠር ደግሞ በሸክላው ጠርዝ ትንሽ ወረቀት ለጥፎ፣ መርፌው በሸክላው ላይ እያለ የአንድ ደቂቃ ዙር መቁጠር ይበቃል።

ሠ. ሊነሡ የሚችሉ መቃወሚያዎች

«ዕቃው የባለቤቱ ነው፤ ድሃ ባላገር ሸጦ ቢጠቀምበት ተማሪ ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እኛም አትሽጡ አንልም። ነገር ግን ዛሬ የሚሆነውን እንመልከት። ልዋጭ እያለ የሚዞረው ነጋዴ ዕቃውን የሚመዝነው በብረቱ ነው፤ ከተሜው ነጋዴ በመልኩ ይመዝነዋል፤ በሦስተኛው እጅ ሲደርስ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ታሪኩ ተጽፎ አብሮት የሚሄድ ዕቃ ለመጀመሪያው ሻጭም የተሻለ ዋጋ ሊያስገኝ ይችላል። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለውን ተረት በቀልድ እንናገረዋለን፤ በዚህ ጉዳይ ግን ቀልድ ሆኖ አላገኘነውም።

«ድምፁ በኮምፒዩተር ከተቀዳ መሣሪያው ምን ያደርጋል?» የሚልም አለ። የተቀዳው ቅጂ የሚታመነው በምን መርፌና በስንት ዙር እንደ ተቀዳ ሲታወቅ ነው፤ ይህን ደግሞ የሚያስተምረን መሣሪያው ነው። ከዚህም በላይ ነገ የተሻለ የመቅጃ ዘዴ ሲመጣ፣ ተመልሰን የምንሄደው ወደ ሸክላውና ወደ ማጫወቻው እንጂ ወደ ዛሬው ቅጂ አይደለም።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉ ይከብዳል፤ «የየከተማው ራዲዮ ጠጋኝ የተማረ አይደለም፤ ሥራው ለባለሙያ ይተው» የሚለው ነው። ባለሙያ የሚባለው ማን ነው? መለዋወጫ በማይገኝበት አገር ለብዙ ዓመታት መሣሪያን በሕይወት ያቆየ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። የጎደለው ዕውቀቱን የሚጽፍለት ሰው ነው። የኛ ድርሻ እዚህ ላይ ነው።

ረ. ምን ይደረግ?

የምናሳስበው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በአካባቢው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ቡሬ ላይም ካምፓስ አለው። በአዲስ አበባ በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከነሙዚየሙ አለ። በየበዓሉ ዕረፍት ወደ ትውልድ አገሩ የሚሄድ ተማሪ አንድ ደብተር ይዞ ቢሄድ፣ ዕቃውን ሳይገዛና ሳይነካ ሊመዘግበው ይችላል። ይኸውም የመሣሪያውን ዐይነትና ቁጥር፣ የተጠገነበትን ሥፍራና ዕቃ፣ ከእርሱ ጋር የተገኙትን ሸክላዎች መጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ በቤቱ ያሉትን አዛውንት በአክብሮት መጠየቅ ይቀጥላል፤ «አባባ፣ ይህ ዕቃ በማን ዘመን ገባ? ማን ያጫውት ነበር? በምን ቀን ይወጣ ነበር?» «እማማ፣ እርስዎ ገብተው ይሰሙ ነበር ወይስ ከጓዳ ሆነው?» ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለብቻው አንድ ጥናት ሊወጣው ይችላል።

ጥገና የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ሦስት ደንቦች ይበቁናል፤ ተመልሶ ሊወጣ የማይችል ነገር አለመግጠም፣ የወጣውን አለመጣል፣ የተሠራውን ሳይጽፉ አለማለፍ። ሣጥኑን አዲስ ቀለም መቀባት፣ ቆዳውን መለወጥ፣ ምልክቱን ፍቆ ማብረቅ ከጥገና አይቆጠርም።

ጊዜ ግን የለንም። በ2023 በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ፍኖተ ሰላምንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች ሳይነካ አላለፈም፤ በቤት ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ቀርቶ ቤቱ ራሱ ዋስትና እንደሌለው አሳይቶናል። ለሕይወቱ የሚሰጋን ሰው ስለ ግራሞፎን መጠየቅ ነውር የሚሆንበት ሰዓት እንዳለም እናውቃለን፤ ያን ሰዓት መለየት የተማሪው ማስተዋል ነው። ሆኖም የንግሥት ቪክቶሪያ ቱቦ ጠፍቶ የምኒልክና የጣይቱ መልስ የተረፈበትን ምክንያት መርሳት አይገባም፤ አንዱን የሚያስቀምጠው ሰው ስለ ተገኘ ነው ብለናል። በጓዳ ጥግ፣ በቆጥ ላይ፣ ከእህል ጆንያ ጀርባ ላለው ጥቁር ሣጥን ያ ሰው እስካሁን አልተገኘለትም። የዚህ መጽሔት አንባቢ ከሚቀጥለው ዕረፍት ሲመለስ አንድ የተሞላ ደብተር ይዞ ቢመጣ፣ ከዚህ ሒስ ይልቅ ያ ደብተር በነዚህ ገጾች ላይ መታተም ይገባዋል።